በግቢ የሚታደስ ሣጥን፦ የትራንስፈር ኬዝ ታሪክ

ትራንስፈር ኬዝ ከካምቢዮ ኋላ ታስሮ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያካፍል የብረት ሣጥን ነው። ሥራው በዚህ አያበቃም። በአብዛኞቹ የገጠርና የጦር መኪኖች ላይ የራሱ ቀላልና ከባድ ማርሽ አለው፤ ሾፌሩ ማንሻውን ወደ ከባዱ ሲያስገባ ጎማው ዝግ ብሎ ይዞራል፣ የመጎተት አቅሙም በዚያው ልክ ይጨምራል። ጭቃ፣ ድንጋያማ ዳገትና ቁልቁለት የሚታለፉት በዚህ ማርሽ ነው። ሣጥኑ የሚገኘው ከመኪናው ሆድ ሥር ስለሆነ ውሃውም አቧራውም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ስለዚህ ማርጀቱ አይቀርም። ለረጅም ዘመን የዚህ ሣጥን እድሳት ከትልቅ ወርክሾፕ ይልቅ በግቢ፣ በእርሻ መጋዘንና በመኖሪያ ቤት ጋራዥ ሲካሄድ ኖሯል። ለዚህ ምክንያት የሆነው የባለቤቶቹ ድፍረት ብቻ አይደለም፤ የሣጥኑ አሠራር ራሱ ለቀላል መሣሪያና ለትዕግሥተኛ እጅ የተመቸ ነበር። አሠራሩ በተለወጠ ቁጥር የቤት እድሳቱም አብሮ ተለውጧል።

አራቱንም ጎማ በሞተር የማዞር ሐሳብ የመጣው ገና በእንፋሎት ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ብራማ ጆሴፍ ዲፕሎክ በ1893 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ለሚሠራ ጎታች የአራት ጎማ አሠራር የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኔዘርላንድስ ወንድማማቾች የስፓይከር ድርጅት በቤንዚን ሞተር የሚሠራና አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ የእሽቅድምድም መኪና ለሕዝብ አሳየ፤ መኪናው ዛሬም በዘ ሄግ ከተማ በሉውማን ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ ግን ወደ ብዛት ያልተሸጋገሩ ሙከራዎች ነበሩ። ሣጥኑን የዕለት ተዕለት ዕቃ ያደረገው መንገድ የጀመረው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ክሊንተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የነበራቸው ኦቶ ዛኮውና ዊልያም ቤሰርዲክ በ1908 እ.ኤ.አ. የሞተር ኃይል መሪው ወደሚያዞራቸው የፊት ጎማዎች የሚደርስበትን አሠራር አስመዘገቡ። ከሐሳባቸው የተወለደው ኤፍ ደብልዩ ዲ የተባለው ድርጅት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ10 ሺህ በላይ የጭነት መኪኖች ለጦር ሠራዊት ሠርቷል። በነዚያ መኪኖች ውስጥ ጉልበቱ የሚተላለፈው በሰፊ ሰንሰለት ነበር፤ ሰንሰለት በኋላ ዘመን እንደ አዲስ ነገር ቢታይም ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚህ ታሪክ ውስጥ ነበረ።

እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ድረስ ትራንስፈር ኬዝ በአብዛኛው የከባድ መኪና ዕቃ ነበር፤ ተራ ሰው በቤቱ የሚፈታበት ምክንያት አልነበረውም። ይህን የለወጠው ጂፕ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የአሜሪካ ጦር ለ135 ድርጅቶች ጥሪ አቅርቦ፣ የመጀመሪያው ናሙና በ49 ቀን ውስጥ እንዲቀርብለት ጠየቀ። በካርል ፕሮብስት ንድፍ የተሠራው የባንተም ድርጅት መኪና መስከረም 23 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ለፍተሻ ደረሰ። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ መሥራት ስለማይቻል አክስሎቹና ትራንስፈር ኬዙ የተወሰዱት በኦሃዮ ቶሊዶ ከነበረው ከስፓይሰር ድርጅት ነበር። በኋላ ዊሊስና ፎርድ በጦርነቱ ዘመን ከሠሯቸው ወደ 640 ሺህ ከሚጠጉ ጂፖች ጋር ስፓይሰር 18 የተባለው ትንሽ ሣጥን በዓለም ዙሪያ ተበተነ። የስፓይሰር ድርጅት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳና በሚል ስም ስለተጠራ ሣጥኑም በመካኒኮች ዘንድ ዳና 18 እየተባለ መጠራት ጀመረ።

የስፓይሰር 18 ውስጡ ለማየትም ለመረዳትም አያስቸግርም። የካምቢዮው ዋና ዘንግ ጫፉ ወደ ትራንስፈሩ ዘልቆ ይገባና አንድ ጊር ይሸከማል። ያ ጊር የመሃሉን ጊር ያዞራል። የመሃሉ ጊር የተቀመጠው በማይዞር ዘንግ ላይ ሲሆን በዘንጉና በጊሩ መካከል ቀጫጭን ሮለሮች ተደርድረዋል። ከመሃሉ ጊር የሚቀበለው ዘንግ ወደ መኪናው ቀኝ ጠጋ ብሎ በሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል፤ ጉልበቱ ወደ ኋላና ወደ ፊት አክስል የሚወጣው ከዚያ ነው። አንዱ ማንሻ የፊቱን አክስል ያያይዛል፣ ሌላው ቀላሉንና ከባዱን ማርሽ ይለዋውጣል። በሁለቱ ማንሻዎች ዘንግ መካከል የተቀመጠች ትንሽ የብረት ቁራጭ ደግሞ የፊቱ አክስል ሳይያያዝ ከባዱ ማርሽ እንዳይገባ ትከለክላለች፤ አለበለዚያ የበዛው ጉልበት በሙሉ በኋላው አክስል ላይ ያርፍ ነበር። በጦርነቱ ጂፕ የከባዱ ማርሽ ምጣኔ 1.97 ለ1 ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በመጡት የሲቪል ጂፖች ወደ 2.4 አካባቢ ከፍ ብሏል።

በሣጥኑ ውስጥ የሌለው ነገርም የታሪኩ ክፍል ነው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል ዲፈረንሻል የለም። መኪና ሲጠማዘዝ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይጠፋል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ ስለሌለው ዘንጎቹና ጊሮቹ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። የሾፌሩ ማንሻ አልወጣ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። እኩል ያላረጁ ጎማዎች ማሰርም ያንኑ ጣጣ ያመጣል። የብዙ ትራንስፈሮች ዕድሜ ያጠረው በጭቃ ሳይሆን የፊቱ አክስል ሳይለቀቅ በጥሩ መንገድ ላይ በመነዳታቸው ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ለሣጥኑ ቢሰጥም የአነዳድ ጥፋት ነበር።

እድሳቱን ለሕዝብ ያስተማረው የጦሩ የጥገና መጽሐፍ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲ ኤም 9-803 ለሾፌሩና ለመጀመሪያ ደረጃ መካኒክ የተጻፈ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣው ቲ ኤም 9-1803ቢ ደግሞ ካምቢዮውን፣ ትራንስፈሩንና አክስሎቹን ፈትቶ የመግጠም ሥራን በሥዕል እየደገፈ ያሳያል። ጦሩ ከእርሻና ከከተማ ሱቅ የመጡ ወጣቶችን በጥቂት ሳምንታት መካኒክ ማድረግ ስለነበረበት መጽሐፎቹ ግልጽ ሆነው ተጻፉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ያ እውቀት ከወታደሮቹ ጋር ወደየቤታቸው ተመለሰ፤ መጽሐፎቹም ዛሬ ድረስ እየታተሙ ይሸጣሉ። በጊዜው ከተጻፉ የቴክኒክ መጽሐፎች መካከል እንዲህ ብዙ ሰው የተጠቀመባቸው ጥቂት ናቸው።

ሣጥኑ የገበሬ ዕቃ ለመሆን ጊዜ አልወሰደበትም። በ1945 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪሉ ጂፕ ሲጄ-2ኤ በማስታወቂያው ላይ ማረሻ ሲጎትት፣ ከትራንስፈሩ ጀርባ በሚወጣ ተጨማሪ ዘንግ ደግሞ መጋዝና የውሃ ፓምፕ ሲያዞር ይታይ ነበር። በሌላ በኩል ጦሩ የጣላቸው ጂፖች በየአገሩ ተቸበቸቡ፤ በፊሊፒንስ እየረዘሙና እየተቀቡ ጂፕኒ የተባለው የሕዝብ ማመላለሻ ተወለደ። አርሶ ያደረው ጂፕ ለፍተሻ የሚላክበት ወርክሾፕ ብዙ ጊዜ ሩቅ ነበር። ሣጥኑ መጮህ ወይም ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ባለቤቱ ከታች ገብቶ ከመፍታት ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

የስፓይሰር 18 እድሳት ሥርዓት በነዚያ ዓመታት ተቀርጾ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ሥራው የሚጀምረው ዘይቱን ሞቅ እንዳለ በማፍሰስ ነው፤ ቀዝቃዛ 90 ቁጥር ዘይት ቆሻሻውን ይዞ አይወርድም። ከዚያ የሥሩ ክዳን ይነሣል። ክዳኑ ላይ የረጋው ነገር ብዙ ይናገራል፦ በጣት ሲታሽ የሚሟሽሽ ግራጫ ደለል የተለመደ የብረት ትቢያ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ፍርፋሪ ከተገኘ የጥርስ ወይም የኩሽኔታ መሰበር አለ። የነሐስ መልክ ያለው ስንጥር ደግሞ የመሃሉን ጊር ከግራና ከቀኝ የሚደግፉት ሮንዴላዎች ማለቃቸውን ያሳያል። ቀጥሎ ከሣጥኑ ጀርባ የተገጠመው የእጅ ፍሬን ከበሮ ይወርዳል። የመሃሉን ዘንግ የያዘችው ትንሽ ቁራጭ ብረት ስትወጣ ዘንጉ በለስላሳ ብረት እየተመታ ወደ ኋላ ይወጣል። ይህ ቅደም ተከተል ሲሳት ሮለሮቹ ሣጥኑ ውስጥ ይበተናሉ፤ አንዷ እንኳ በጥርሶች መካከል ከቀረች አዲሱን ሥራ በመጀመሪያው ዙር ትሰብረዋለች።

የእድሳቱ እምብርት ይህ የመሃል ዘንግ ነው። ዘንጉ ስለማይዞር የጭነቱ ክብደት ሁሉ በአንድ ጎኑ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ ሮለሮቹ የሄዱበት ቦይ ይወጣበታል። ጥፍር ሲሄድበት የሚይዝ ቦይ ያለው ዘንግ ተመልሶ አይገጠምም። ብዙ ጀማሪዎች የሚያልፉት ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሮለሮቹ የሚሽከረከሩት በዘንጉ ላይ ብቻ ሳይሆን በጊሩ የውስጥ ግድግዳም ላይ ነው። የጊሩ ውስጥ ተቦርቡሮ ሳለ ዘንጉን ብቻ መቀየር ገንዘብና ድካም ማባከን ነው፤ ጩኸቱ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ሦስተኛው የሚታየው ነገር በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ዘይት በዘንጉ ዙሪያ ያልፋል፤ ያኔ በጓርኒሲዮንም በማጣበቂያም የሚመለስ ነገር ስለሌለ ሣጥኑ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀለበት ይገባለታል። የቤት እድሳት የሚቆምበትና የባለሙያ እጅ የሚያስፈልግበት ድንበር ለረጅም ጊዜ እዚህ ላይ ነበር።

ፋብሪካውም ድክመቱን ያውቅ ነበር። በጦርነቱ ጂፕ የመሃሉ ዘንግ ውፍረት 19 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ 28.6፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ወደ 31.75 ሚሊሜትር አደገ። ሣጥኑ በሌላው አሠራሩ ብዙም ሳይለወጥ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ በጂፕ ላይ ሲገጠም ስለቆየ፣ ቀጭን ዘንግ ያለውን ያረጀ ሣጥን ወፍራም ዘንግ ባለው መተካት የጂፕ ወዳጆች የተለመደ ማሻሻያ ሆነ።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይከብዳል። ሮለሮቹ በጊሩ ውስጥ በግሪስ ተጣብቀው ይደረደራሉ፤ ከዚያ ዘንጉን በሚያክል፣ ርዝመቱ ግን ከጊሩና ከሮንዴላዎቹ በማይበልጥ አጭር ብረት ይደገፋሉ። ይህን አጭር ብረት ሰው ሁሉ ለራሱ የሚሠራው ነው፤ ካረጀው ዘንግ ላይ የሚቆርጠው አለ፣ እንጨት ጠርቦ የሚጠቀምም አለ። ጊሩ ወደ ሣጥኑ ሲገባ የሮንዴላዎቹ ጆሮ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ባለው ጎድጎድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እውነተኛው ዘንግ ከኋላ በኩል ቀስ እያለ ሲመታ አጭሩን ብረት እየገፋ ያስወጣዋል፤ ሮለሮቹም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይወድቁ ይሻገራሉ። በሥራው ሁሉ ውስጥ ትንፋሽ የሚያስውጠው ቅጽበት ይህ ነው።

የመጨረሻው ልኬት ጉልበቱን ወደ አክስሎቹ የሚያወጣው ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚነቃነቅበት መጠን ነው፤ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ሊሆን ይገባል። የሚስተካከለውም ከኋላው የኩሽኔታ ቤት ሥር ሺም የሚባሉ ስስ የብረት ቅጠሎችን በመጨመርና በመቀነስ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ኩሽኔታው ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ከሰፋ ዘንጉ ይዋልላል፣ ዘይት መዝጊያው ጎማ ይበላል፣ ማርሹም በራሱ ይወጣል። ባለ ሰዓት መለኪያ ያለው ሰው በመለኪያ፣ የሌለው በእጁ ስሜት ይሠራዋል፤ በእጅ ስሜት የተሠራው ግን ከሦስት ሣጥን በሁለቱ ቢሳካ እንኳ አስተማማኝ ነው ማለት አይቻልም። ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ዘይቱ ነው፦ ካምቢዮና ትራንስፈሩ በኩሽኔታ ብቻ ስለሚለያዩ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል፤ አንዱ ሞልቶ ሲፈስ ሌላው ደርቆ ይገኛል።

እድሳቱ የቤት ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ንግድና ማኅበርም አፈራ። አርተር ዋርን በ1948 እ.ኤ.አ. በሲያትል አካባቢ የጀመረው ድርጅት የፊት ጎማዎችን ከአክስሉ የሚያላቅቅ መቆለፊያ ለጂፕ ባለቤቶች አቀረበ፤ በጥሩ መንገድ ላይ የፊቱ ዘንግና ጊር በከንቱ መዞራቸው ስለቀረ ትራንስፈሩም ዕድሜ አገኘ። በ1953 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሩቢኮን መንገድ ላይ የጂፐርስ ጃምቦሪ ጉዞ ተጀመረ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፎር ዊለር የተባለው መጽሔት ወጣ። ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት መዝናኛ ሲሆን ሰዎች ያረጀውን ጊር በአዲስ ከመተካት አልፈው የበለጠ ከባድ ማርሽ ወደ ማስገባት ተሻገሩ።

በሌላው ዓለም ያው ሐሳብ የተለያየ መልክ ያዘ። በሚያዝያ 1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ትርኢት የቀረበው ላንድሮቨር መጀመሪያ አራቱም ጎማ ዘወትር የሚጎትት ነበር፤ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የፊቱን አክስል ሾፌሩ እንደ ፈቃዱ የሚያያይዘው ሆነ፤ ቢጫውና ቀዩ የማንሻ ጫፍም ከዚያ በኋላ የመኪናው መታወቂያ ሆኑ። በ1951 እ.ኤ.አ. የተሠራው የቶዮታ ጂፕ ቢጄ በሞተሩ ጉልበት ተማምኖ ከባድ ማርሽ አልነበረውም፤ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከባዱ ማርሽ በ40 ሞዴል ዘመን መጣ። የሶቪየቱ ዋዝ 469 ደግሞ 1.94 ለ1 የሆነ ከባድ ማርሽ ይዞ በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከጦርነቱ ጂፕ ምጣኔ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው።

እነዚህ ሁሉ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ጂፑ ከአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ጋር፣ ዋዝ በደርግ ዘመን፣ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በጤናና በእርዳታ ድርጅቶች እጅ። በዚህ አገር ግን መኪናው ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለነበረ እድሳቱ የባለቤት ሳይሆን የመካኒክ ሥራ ሆነ። ባሕሉ ያው ነው፦ ያረጀው ዘንግ በቶርኖ ቤት ተሞልቶ ይላጫል፣ ያልተገኘው ጊር ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና ይወጣል፣ ጓርኒሲዮኑ ከወፍራም ወረቀት በመቀስና በመዶሻ ይቆረጣል። የጥገና መጽሐፍ ባልተዳረሰበት ቦታ እውቀቱ የተላለፈው ከዋና መካኒክ ወደ ረዳት፣ ካቻቪቴ በማቀበል ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬንጅሮቨር ትራንስፈሩ ውስጥ ዲፈረንሻል ስለነበረው አራቱም ጎማ በአስፋልት ላይም ያለ ጭንቀት ይጎትቱ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ጂፕ ኳድራ-ትራክ የተባለውን በሰንሰለት የሚሠራ ሣጥን አቀረበ። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የጭነት መኪኖች ላይ የብረቱ ሣጥን በአሉሚኒየም፣ ጊሮቹም በሰንሰለት እየተተኩ መጡ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጂፕ የተለመደ ሣጥን የሆነው ኤን ፒ 231 የዚህ ትውልድ ነው። ቀለል ያለ ነው፣ ጩኸቱም ጥቂት ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል።

ለቤት መካኒኩ ግን ሥራው ሌላ ሆነ። ሺም መቁጠር ቀረ፤ ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚከፈተውን የአሉሚኒየም ሣጥን ፊቱን ሳይቧጭሩ መለየት፣ ጠንካራ የቀለበት መቆለፊያዎችን በልዩ ፒንሳ መክፈት፣ በጓርኒሲዮን ፋንታ ማጣበቂያ መቀባት መጣ። ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል፤ ከባድ ጉልበት ሲመጣበት በጊሩ ጥርስ ላይ እየዘለለ ይንኳኳል። ሰንሰለቱን መቀየር ለአንድ ቀን የሚበቃ ሥራ ነው፤ ሣጥኑ ራሱ ከተበላ ግን እንደ ድሮው ብረት በቀላሉ አይመለስም። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ በተገጠመው ኤን ፒ 246 ውስጥ የዘይት ፓምፑ እየተነቃነቀ የኋላውን ግማሽ ከውስጥ ይፈገፍጋል፤ በመጨረሻም ቀጭን ቀዳዳ ይከፍትና ዘይቱ በጉዞ ላይ ያልቃል። የሚታደሰው በሌላ ግማሽ ሣጥን ወይም ፓምፑን በሚደግፍ ልዩ ቁራጭ ነው።

በጊር የሚሠራው ሣጥን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በ1983 እ.ኤ.አ. የመጣው የላንድሮቨር ኤልቲ 230 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ በዲፌንደር ላይ ተገጥሟል፤ የቤት እድሳት ወዳጆችም አሁንም አጥብቀው ይወዱታል። የድሮው የጂፕ ደዌ በዚህም ላይ አለ፦ የመሃሉ ዘንግ ሣጥኑ ላይ እየተነቃነቀ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ የጎማ ቀለበቱ ይበላል፣ ዘይት ይንጠባጠባል። ከካምቢዮ የሚቀበለው ጊር ውስጡ በዘይት እጥረት ስለሚበላ በኋላ ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ ተበስቶለታል።

ዛሬ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ማንሻው በአዝራር ተተክቷል፤ የፊቱን አክስል የሚያያይዘው ኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን የጉልበቱን ክፍፍል የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ሣጥኑን መፍታትና መግጠም አሁንም በግቢ ይቻላል፤ ከተገጠመ በኋላ ግን ኤሌክትሪክ ሞተሩ የት እንደቆመ ኮምፒውተሩ በልዩ መሣሪያ እንዲያውቅ ካልተደረገ የማስጠንቀቂያ መብራቱ አይጠፋም፣ ከባዱ ማርሽም አይገባም። የድሮው የስፓይሰር 18 ዘንግ፣ ሮለር፣ ሮንዴላና ጓርኒሲዮን ግን በአንድ ጥቅል ዛሬም እየተሠሩ ይሸጣሉ።